ለደመራ የሚቀዳ

ነሐሴ ፲፮ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ነበር። ሰዓቱን የማውቀው የስልክ ማዞሪያው ስለመዘገበው ነው። ማሽኑ የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ስድስት ቀንሼ አነበዋለሁ። በዚያች ሰዓት አባቴ፣ መሪጌታ ገብረ አምላክ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ ወደ መሥሪያ ቤቴ ደወለ። እኔ ወንበሬ ላይ አልነበርኩም። ስልኩን ያነሣው ማዞሪያውን የተከለው ደግሰው ነው።

አባቴ ምን እንዳለው ለመስማት አንድ ወር ጠበቅሁ። ማሽኑ አንድ ወር ያቆየዋል ብለን ስለነበር።

የምሠራው ሰቆጣ ውስጥ፣ በአንድ የማር አምራቾች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ነው። ከየወረዳው የሚደውል ንብ አርቢ መጀመሪያ የሚሰማው የእኔን ድምፅ ነው፤ እኔ ደግሞ ወደ ሒሳብ ክፍል፣ ወደ መጋዘን፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ አዞረዋለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ የለም። ማድመጥን ግን ከቤት ነው የለመድኩት። አባቴ የድጓ መምህር ስለነበር ልጅ ሆኜ የጉባኤ ቤቱን ግድግዳ ተደግፌ ዜማውን እሰማ ነበር። ሴት ልጅ ገብታ አትቀመጥም፤ ድምፅን ግን ግድግዳ አያግደውም።

ያን ዓመት ፋሲካ እንዳለፈ መሥሪያ ቤታችን በጭቅጭቅ ተወጥሮ ነበር። ከደሃና የሚመጣው ሰው ደጋግሜ ደውዬ ማንም አላነሣልኝም ይላል፤ እኛ አልደወልክም እንላለን። ሌላው የማሩን ዋጋ በስልክ እንዲህ ብላችሁኝ ነበር ይላል፤ ነገረ የተባለው ሰው ከአፌ አልወጣም ይላል። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ካሳ በዚህ ተማርረው አዲስ የስልክ ማዞሪያ አስመጡ። ጥሪ ሁሉ እንዲመዘገብ፣ ንግግር ሁሉ እንዲቀዳ። ሊተክለው የመጣው ባለሙያ ደግሰው ነበር።

ደግሰው የተወለደው ፃግብጂ ከገበሬ ቤት ነው። አፉን የፈታው በኽምጣና ነው፤ አማርኛን ያገኘው ትምህርት ቤት ነው። ለዚህ ይመስለኛል እያንዳንዱን የአማርኛ ቃል እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ የሚያስቀምጠው። ብዙ አይናገርም። ሲሠራ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ መጀመሪያ የሚጸልይ መስሎኝ ነበር፣ የገመዶቹን ቀለም እየቆጠረ ኖሯል።

ጥሪ ሁለት ነገር ጥሎ ይሄዳል አለኝ አንድ ቀን፣ ገመድ እየላጠ። አንዱ ዱካው ነው፤ ማን ደወለ፣ በስንት ሰዓት፣ ወደ የትኛው የውስጥ ቁጥር፣ ምን ያህል ቆየ። ይህ ቀላል ስለሆነ ዓመት ሙሉ ሊቀመጥ ይችላል። ሌላው ድምፁ ነው። ድምፅ ከባድ ነው፣ ዲስኩን ይሞላል፤ ስለዚህ ቀኑ ሲደርስ አሮጌው ራሱ ይሰረዝና ለአዲሱ ቦታ ይለቅቃል። ድምፅ ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጥ ብሎ አቶ ካሳን ጠየቃቸው። አቶ ካሳ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ ወር ይበቃዋል አሉ። ደግሰው ሠላሳ ብሎ ጻፈ። አጠገቡ ቆሜ አይቼዋለሁ። ሦስታችንም አንድ ነገር የተናገርን መስሎን ነበር።

የተቀዳውን መክፈት የሚቻለው በአቶ ካሳ የይለፍ ቃል ብቻ ሆነ። እኔ ማን እንደደወለ አያለሁ፤ ምን እንዳለ አልሰማም።

ከዚያ በኋላ ደግሰው፣ የሚደውል ሰው መጀመሪያ የሚሰማውን ሰላምታ በእኔ ድምፅ እንቅዳው አለ። ቃሉ አጭር ነበር፦ «ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደህና መጡ። የሚናገሩት ሁሉ ይቀዳል።» ተናገርኩ። አንዴ ድገሚው አለኝ። ደገምኩ። «ይቀዳል» ላይ ቸኮልሽ አለኝ። ደገምኩ። መስኮቱ ላይ ዝናብ ይወርድ ነበር፤ እርሱ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ዓይኑን ጨፍኗል፣ እኔ የእርሱን የተጨፈነ ዓይን እያየሁ ለማንም ላልሆነ እንግዳ እንኳን ደህና መጡ እላለሁ። ከሰዓት በኋላው እንዲሁ አለቀ። ብዙ ቆይቶ ነው እውነቱን የነገረኝ።

«የመጀመሪያው ደህና ነበር» አለኝ። «የቀሩትን ለራሴ ነው ያስቀዳሁሽ።»

ማዞሪያው ከተተከለ በኋላም ደግሰው እየተመላለሰ ያየው ጀመር። አንድ ጊዜ የማሽኑን ሰዓት ሊያስተካክል፣ አንድ ጊዜ የአምደወርቅን ቅርንጫፍ ሊያገናኝ፣ አንድ ጊዜ እንዲሁ። አቶ ካሳ በሩ ላይ ቆመው፣ ሳይበላሽ ይህን ያህል የሚጠገን ማሽን በሕይወቴ አላየሁም ብለው ሄዱ። እኛ ማሽኑን ተመለከትን። በጠፋው ጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት ፊት ነበር፣ የእርሱና የእኔ፤ ከዚያ በፊት እንዲያ ተቀራርበን አይተን አናውቅም። ያን ቀን እቤት ስገባ እግሬ መሬት የረገጠ አይመስለኝም።

*

አባቴ ነገርን በቀጥታ ተናግሮ አያውቅም። ራበኝ ለማለት «ጀንበሯ ምሳዋን በላች» ይል ነበር። እናቴ ጸሐይነሽ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትፈታው ኖራለች፤ አንዳንዴ ሲሰለቻት «ሰሙን ትተህ ወርቁን ስጠኝ፤ ወጡ እያረረ ነው» ትለዋለች።

ቤታችን አንድ ልማድ ነበረው። ካህናት ሲሰበሰቡ ጠላ የሚቀዳው የቤቱ ወንድ ልጅ ነው፤ ልጅ ከሌለ አማች። የባዕድ እጅ ማንቆርቆሪያውን አይነካም። አባቴ ከእኔ በቀር ልጅ ስላልነበረው በየበዓሉ የሚቀዳው ታናሽ ወንድሙ ቄስ ኪዳኑ ነበር። አጎቴ ግዙፍ ሰው ነው፣ ቶሎ ይደክመዋል። «ወንድሜ፣ ክንዴ ሳይቆረጥ አማች አምጣ» ይል ነበር በእንግዳ ፊት። እኔ ፊቴን ለማዞር ምክንያት እፈልጋለሁ።

ደግሰው ማታ ማታ ከሥራ ሲወጣ በደብሩ አጥር ሥር ቁጭ ብሎ የአባቴን ዜማ ያዳምጥ ጀመር። አንድ ቀን ደፈር ብሎ፣ የኔታ፣ ይህን ድምፅ ልቅዳልዎት፣ ለልጅ ልጅ ይቀመጣል አለው። አባቴ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ ዜማ የሚቀመጠው በሰው ደረት ነው፣ ሣጥን ምን ያደርግለታል ብሎ አለፈ። ደግሰው ግን ተስፋ አልቆረጠም። በተገናኙ ቁጥር ይጠይቀዋል፤ አባቴም በተገናኙ ቁጥር ይስቃል።

በሰኔ ሚካኤል ደግሰው ከፃግብጂ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሽማግሌዎች ከላይ ዝናብ ከታች ጭቃ እየመታቸው ደጃችን ቆሙ። አባቴ አስገባቸው፣ የመጡበትን አዳመጠ፣ በመጨረሻም «ሰምቻለሁ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ሽማግሌዎቹ በመንገድ እየተከራከሩ ተመለሱ፤ አንዱ እሺ ማለቱ ነው ይላል፣ ሁለቱ እምቢ ማለቱ ነው ይላሉ።

አጎቴ ግን ጥርጣሬ አልነበረውም። አምደወርቅ ውስጥ የሚያውቀው ዲያቆን አለ፣ ቅስና ለመቀበል ሚስት ብቻ የጎደለው፣ በዜማ የበሰለ። የመሪጌታ ልጅ ለካህን ነው የምትሰጠው ይል ነበር። የደግሰውን ስም አይጠራም፤ «ያ የሽቦው ልጅ» ነው የሚለው። አባቴ ይህን ሲሰማ ዝም ይላል። ሐምሌ በጭጋግና በአባቴ ዝምታ ተሸፍኖ አለፈ፤ እኔም የዚያን ዝምታ ትርጉም እየፈለግሁ ሌሊቱን ጣራውን በሚመታው ዝናብ አሳልፋለሁ።

*

ነሐሴ አሥራ ስድስት የሻደይ ዕለት ነው። ከጠዋት ጀምሮ የሰቆጣ ልጃገረዶች ሻደዩን ወገባቸው ላይ አስረው ከበሮ እየመቱ በየደጁ ይዞራሉ። አረንጓዴው ሣር ሲወዛወዝ ከተማው ራሱ የሚሄድ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ አቶ ካሳ ሂጂ፣ ዛሬ የሚደውል የለም አሉኝ። ደግሰው የቅርንጫፍ መስመር ሊሞክር መጥቶ ስለነበር ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ወጣሁ። ሻደዬን አስሬ ከልጃገረዶቹ ጋር በደብሩ ፊት ስናልፍ አባቴ በር ላይ ቆሞ አየኝ፤ እጁን አነሣልኝ።

ሲመሽ ደግሰው ከዘፋኞቹ መካከል ፈልጎ አገኘኝ። ፊቱ በርቶ ነበር። አባትሽ ደወሉ አለኝ።  ለደመራ እንድቀዳቸው ፈቀዱ፣ ካህናቱ በሚሰበሰቡበት እንድመጣ ነገሩኝ አለኝ። እስኪቀጥል ጠበቅሁ።

«ስለ እኛስ?»

«ስለ እኛ አላነሡም።»

ከበሮው ቀረብ ብሎ ይመታ ነበር። ከሰኔ ጀምሮ የጠበቅሁት አንድ ቃል ነው፤ አባቴ ግን ስልክ አንሥቶ የደወለው ስለ ማሽን ነው። የደግሰው ደስታ ከፊቱ ላይ እንዴት እንደወረደ አየሁ። የተቀየምኩት አባቴን ነው፣ አንተን በመደሰትህ አይደለም ልለው ፈልጌ ነበር፤ ዘፈኑ ዋጠኝ። ወገቤ ላይ ያለው ሻደይ ረጥቦ ከበደኝ።

*

ጳጉሜን ገባች። በሩፋኤል ዕለት ዝናቡ እንደ ወትሮው በፀበልነቱ ሲጠበቅ ዋለ፤ የጎረቤት ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ደጅ ይሯሯጡ ነበር። አባቴ ከጓዳ ማንቆርቆሪያውን አወጣና ዝናቡ እንዲወርድበት ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ጠራኝ።

«በደንብ እጠቢው፣ ምስራቅ። ለደመራ እንግዳ አለብን።»

አጠብኩት። ተቀይሜው ስለነበር ቀና ብዬ አላየሁትም። እርሱ ግን በሩ ላይ ተደግፎ አንድ ዜማ በአፍንጫው ያዜም ነበር። ፊቱ ላይ ምን እንደነበር አንዴ ለማየት ዛሬ የማልሰጠው ነገር የለም።

ዘመን ተለወጠ። አደይ አበባው ከጉባኤ ቤቱ ጀርባ ፈነዳ። ቅዱስ ዮሐንስን በደስታ ውለን፣ በአምስተኛው ቀን ንጋት ላይ አባቴ ለኪዳን ሊነሣ ብሎ ሳይነሣ ቀረ። እናቴ የተኛ መስሏት ነጠላውን አለበሰችው።

ደግሰው ፃግብጂ ቅርንጫፍ ላይ ነበር። ወንዙ ሞልቶ መኪና ስለማያልፍ በእግሩ ተጉዞ ለቀብሩ ደረሰ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ከሰዎች ኋላ ቆመ፤ የቤት ሰው አይደለም፣ ባዕድም አይደለም፣ የት እንደሚቆም ያላወቀ ሰው አቋቋም ነበር። ሲመለስ ብቻ ለአፍታ አጠገቤ ደረሰ።

የአባቴ ድምፅ በየትም የለም አልኩት። ያን ሁሉ ዓመት ዜማ ሲያፈስ ኖሮ አንድ ቃል እንኳ የያዘለት ሰው የለም። ደግሰው ቀስ ብሎ አንድ አለ አለኝ። የሻደይ ዕለቱ ጥሪ፣ አራት ደቂቃ። ማሽኑ ቀድቶታል።

እናቴም እኔም እስከ አሥራ ሁለቱ ድረስ ከለቅሶው ቤት አንወጣም። አሥራ ሁለተኛው ቀን ደግሞ ከደመራ ዕለት ጋር ገጠመ። ደግሰው ከፈለግሽ ነገ አቶ ካሳን አስፈቅጄ ልክፈተውና ልይልሽ ሊለኝ ነበር መሰለኝ፣ ግን መሃል ላይ ተወው።

«ያለ አንቺ አልከፍተውም» አለኝ። «መጀመሪያ የምትሰሚው አንቺ ነሽ። አይጠፋም፣ አንድ ወር ይቆያል። ከሻደይ እስከ ደመራ አንድ ወር ነው።»

እኔም ቆጠርኩት። ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ መስከረም አሥራ ስድስት። አንድ ወር ነው። በዚያ ለቅሶ ውስጥ፣ ሰዎች መጥተው ሲያለቅሱና ሲወጡ፣ እኔ ውስጥ ውስጡን የደስታ የሚመስል ነገር ይዤ ተቀመጥኩ። አባቴ ገና አልሞተም። አራት ደቂቃ ቀርቶታል።

*

የደመራ ዕለት ጠዋት አቶ ካሳ ጽሕፈት ቤቱን ከፈቱልን። የይለፍ ቃላቸውን አስገብተው ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ ብቻችንን ሊተዉን። ደግሰው የጆሮ ማዳመጫውን አንድ ጆሮ ለእኔ ሰጠኝ፣ አንዱን እርሱ ያዘ። በመካከላችን ያለው ገመድ አጭር ስለነበር ትከሻችን ተነካካ።

መዝገቡ ተከፈተ። የአባቴ ቁጥር አለ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አራት ደቂቃ። ከጎኑ የድምፁ ምልክት የሚቀመጥበት ቦታ ግን ባዶ ነበር። ደግሰው ተጫነው። ደግሞ ተጫነው። ሌላ መስኮት ከፈተ፣ ዘጋ። ጆሮዬ ውስጥ ምንም የለም፤ ዝምታ እንኳ አይደለም፣ ዝምታ ቢያንስ ሽው ይላል።

አቶ ካሳ ዞረው ወር አልሞላውም እኮ ዛሬ ነው የሚሞላው አሉ። ደግሰው በጣቱ መገጣጠሚያ ይቆጥር ጀመር። ከንፈሩ እንደ መጀመሪያው ቀን ሲንቀሳቀስ አየሁት። ከዚያ ቆመ።

«ጳጉሜን» አለ።

 «ማሽኑ ወር አያውቅም» አለ ደግሰው። «ቀን ነው የሚቆጥረው። ጳጉሜንን ቆጥሯታል።»

እኛ አልቆጠርናትም ነበር። ማን ይቆጥራታል? ከነሐሴ ቀጥሎ መስከረም ነው፤ ጳጉሜን በሁለቱ መካከል የምታልፍ ዝናብ ናት። የአባቴ ድምፅ የተሰረዘው ባለፈው እሑድ ነው። እኔ ያን እሑድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሊቀረኝ ስላለው አራት ደቂቃ አስብ ነበር።

ደግሰው እጁን ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጠ ቀረ። ላጽናናው ነበር የሚገባኝ፤ ሠላሳ ብሎ የጻፈው እርሱ ቢሆንም ወር ብለን የሰማነው እኛም ነን። እኔ ግን የጆሮ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አላወጣሁም። ከወጣ አባቴ የሚሞት መሰለኝ።

*

ማታ ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው እቤታችን ተቀመጡ። ከውጭ የችቦ ጭስ ይገባል፤ ልጆች ያዜማሉ። አጎቴ ቄስ ኪዳኑ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ይቀዳል። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ቀልዱን ትቷል፤ ክንዱ ሲደክመው ዝም ብሎ ያሳርፈዋል።

ደግሰው በር ላይ ቆመ።

አጎቴ አየው። «ግባ» አለው። «ለለቅሶ የመጣ ሰው ደጅ አይቆምም።» ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ድምፁን ሳያነሣ ቀጠለ። «ስለዚያኛው ጉዳይ ግን አስቀድሜ ልንገርህ። ወንድሜ ለሽማግሌዎችህ መልስ ሳይሰጥ አረፈ። ሳይመልስ የሞተ ሰው መልሱ እምቢ ነው። ምስራቅን በጥቅምት ለዲያቆኑ እንድራለን።»

እኔ ከጓዳው በር ላይ ቆሜ ነበር። ወደ እናቴ አየሁ፤ እናቴ መሬት መሬት ታያለች።

ደግሰው ስለዚያ አልመጣሁም አለ። ለእማማ ጸሐይነሽ የአባታችንን ድምፅ አመጣለሁ ብዬ ነበር፣ በእኔ ቁጥር ስሕተት ጠፋ፣ ይቅር ይበሉኝ ልል ነው የመጣሁት አለ። አማርኛው ሲጨነቅ እንደሚሆነው ተሰባበረ።

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ድምፁ ከጠፋ ቃሉን ንገረኝ» አለችው። «እንዳለው አድርገህ። እንዳታሳምርልኝ።»

ደግሰው መሃል ቤት ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ፣ የእኔን ሰላምታ ሲቀዳ እንደጨፈነው። የሰማውን ቃል በቃል፣ በአባቴ አነጋገር፣ እያቆመ ተናገረ።

«መጀመሪያ ሳቁ። 'አሁን ይቀዳል ያለችኝ ልጄ ናት?' አሉ። አዎ የኔታ አልኩ። 'ድምፅዋ እናቷን ይመስላል' አሉ። ከዚያ ዝም አሉ፤ የሻደይ ከበሮ በእርሳቸውም በኩል በእኔም በኩል ይሰማ ነበር። 'እሷ ከዘፋኞቹ ጋር ስታልፍ አይቼ ነው የደወልኩት' አሉ። ቀጥለው እንዲህ አሉኝ። 'እኔ ወንድ ልጅ የለኝም። ወንድሜም ደክሟል። በቤቴ የሚቀዳ የለም። ለደመራ ካህናቱ ይሰበሰባሉ። ና፤ አንተ ትቀዳለህ።'»

አጎቴ በዚያች ቅጽበት ለአንድ አረጋዊ ካህን ይቀዳ ነበር። ዋንጫው ሞላ። መቅዳቱን አላቆመም፤ ጠላው ከጠርዙ አልፎ በአረጋዊው ጣቶች ላይ ፈሰሰ።

«ከዚያስ?» አለ አጎቴ። ድምፁ የእርሱ አይመስልም ነበር።

«ከዚያ፣ እሺ የኔታ፣ መሣሪያዬን ይዤ እመጣለሁ አልኳቸው። ሳቁ። 'መሣሪያውስ እኛ ቤት አለ' አሉኝ። የምስራቅ ስልክ መሰለኝ።»

 ከዚያ እጁ የረጠበው አረጋዊ ካህን ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያለቅስ መሰለኝ፤ ይስቅ ነበር። ከዚያ የሚስቅ መሰለኝ፤ ያለቅስ ነበር። «አይ ገብረ አምላክ» አለ፤ «ሰምህን ለማን ሰጥተህ ሄድክ።» እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። በዚያ በተሰባበረ፣ በኽምጣና ቅላጼ በተሸፈነ ድምፅ መሃል አባቴ ነበር። ሳቁ ነበር። ቃሉን አቁሞ የሰውን ፊት የሚያይበት ዝምታው ነበር። አንድ ፊደል አልጎደለም፤ ደግሰው ትርጉሙን ስላላወቀ ሊጨምርበትም ሊቀንስበትም አልቻለም። በሩፋኤል ዝናብ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ማንቆርቆሪያ ታየኝ። በደንብ እጠቢው ምስራቅ። ያኔ ነግሮኝ ነበር። በራሴ እጅ አጥቤዋለሁ።

አጎቴ መሃል ቤት ወደቆመው ሰው ሄደ። ከእርሱ ይልቅ ግዙፍ ስለሆነ ደግሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ሊያስወጣው የመጣ መስሎት ነው። አጎቴ ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጁ ዘረጋለት።

«መሣሪያው ይኸው» አለው። «ቅዳ።»

ደግሰው ማንቆርቆሪያውን አየ። አጎቴን አየ። አልገባውም። ከዚያ እኔን አየኝ፤ እኔም ከጓዳው በር ላይ ሆኜ አየሁት፣ ዓይኔን ሳልሰብር፣ በዚያ ሁሉ ካህን ፊት። መልሱን ከእኔ ፊት ላይ ቀስ ብሎ ሲያነብ ታየኝ፣ አንድ ቃል በአንድ ቃል፣ አማርኛን እንደተማረበት ዓይነት። ነጋልኝ። ውጭ መሽቶ ነበር፣ እኔ ግን ነጋልኝ።

ማንቆርቆሪያውን ተቀበለ።  መጀመሪያ ለእናቴ ቀዳ። እናቴ ዋንጫዋን ከፍ አድርጋ ያዘችለት።

«ቀስ ብለህ ልጄ» አለችው። «አታንጠባጥብ።»

ልጄ አለችው። ደግሰው የዚህን ቃል ትርጉም አልጠየቀም።

*

የአባቴ ሙት ዓመት ከወጣ በኋላ፣ ጥር ላይ ተጋባን። ዲያቆኑ ከዚያ በፊት ሌላ አግብቶ ቀስሷል። ሰላምታው እስከ ዛሬ በእኔ ድምፅ ነው፤ የሚደውል ሰው ሁሉ የሚናገሩት ይቀዳል ይባላል። ደግሰው ግን ከለቅሶው ማግሥት ማዞሪያውን ከፍቶ አንድ ቁጥር ለውጧል። ጳጉሜን አምስት ናት፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ስድስት ትሆናለች። አሁን በመሥሪያ ቤታችን የተቀዳ ድምፅ የሚቀመጠው ሠላሳ ስድስት ቀን ነው።